ጥርስ ሌሊት ሲያምም፦ ቅርንፉዱ የሚችለውና የማይችለው

ጥርስ የሚያምመው ሌሊት ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ይህን ያላለኝ ሰው የለም። ቀን ላይ «ትንሽ ጠቅ ያደርገኛል» ሲል የዋለ ሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጉንጩን ይዞ ግቢ ውስጥ ይመላለሳል። ፋርማሲው ተዘግቷል። የጥርስ ክሊኒኩ እስኪከፈት ብዙ ሰዓት ይቀራል። ያኔ ጎረቤት ይነሳል። አንዷ ቅርንፉድ ይዛ ትመጣለች። ሌላው ነጭ ሽንኩርት ይቀጠቅጣል። ሦስተኛው ከአጥር ማዶ «አቦ፣ አረቄ ያዝበት፣ ወዲያው ይለቅሃል» ይላል። አሁን ደግሞ ስልክ አለ። ቲክቶክ ከፍታችሁ «የጥርስ ሕመም» ብላችሁ ብትፈልጉ ሌሊቱን ሙሉ የማያልቅ ምክር ታገኛላችሁ።

ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዱ በእርግጥ ያስታግሳል። አንዳንዱ ድድ ያቃጥላል። አንዳንዱ ደግሞ ጥርሱን ጨርሶ ያጠፋዋል። የሚጠሩት ግን ሁሉም በአንድ ስም ነው፤ የቤት ውስጥ መድኃኒት። መለየት እንደሚያስፈልግ የተማርኩት ከራሴ ጥርስ ነው።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ታችኛው ቀኝ መንጋጋዬ ሦስት ሌሊት አላስተኛኝም። ቅርንፉድ ያዝኩበት፤ ረዳኝ። በጨው ውሃ ተጉመጠመጥኩ፤ ትንሽ ረዳኝ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ስነሳ ሕመሙ የለም። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ቅርንፉድ ያመጡልኝን እማማን ሄጄ አመሰገንኳቸው። እሳቸውም «ድሮም ያውቃል» ብለው መረቁኝ። በሁለተኛው ሳምንት ጉንጬ አብጦ ዓይኔ ሊከደን ደረሰ። የጥርስ ሐኪሟ ራጁን እያሳየችኝ የነገረችኝ ነገር እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሕመሙ የቆመው ጥርሱ ስለዳነ አልነበረም። ነርቩ ስለሞተ ነበር።

ይህን ለመረዳት ጥርስ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። ከላይ የምናየው ነጩ ሽፋን ኢናሜል ይባላል። በሰውነታችን ውስጥ ከእሱ የሚጠነክር ነገር የለም። ከሥሩ ለስለስ ያለ ሌላ ሽፋን አለ። ከዚያ ውስጥ ደግሞ ደም ሥርና ነርቭ የተሸከመ ለስላሳ ክፍል ተቀምጧል። አፋችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ አሲድ ያመነጫሉ። የአፍ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ዝቅ ሲል አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከ5.5 አካባቢ በታች ሲወርድ ያ ጠንካራ ሽፋን መሟሟት ይጀምራል። ቀስ በቀስ ጥርሱ ይቦረቦራል። ባክቴሪያው ወደ ነርቩ ሲጠጋ ለስላሳው ክፍል ይቆጣል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እጃችን ሲቆስል ያብጣል፤ ቆዳው ስለሚለጠጥ እብጠቱ ቦታ ያገኛል። ጥርስ ውስጥ ግን ግድግዳው ድንጋይ ነው። ሊለጠጥ አይችልም። ደም በመጣ ቁጥር ግፊቱ ነርቩ ላይ ያርፋል። በልብ ምት ልክ የሚጠዘጥዘው ለዚህ ነው። ስንተኛ ወደ ጭንቅላታችን የሚሄደው ደም ይጨምራል፤ ግፊቱም ይብሳል። ጥርስ ሌሊት ያምማል የሚለው ነገር እውነት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው እርዳታ ምንም ገንዘብ አያስወጣም። ሁለት ትራስ ደርቦ ጭንቅላትን ከፍ አድርጎ መተኛት ነው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ ጥርሱን ይዞ ጠፍጣፋ ፍራሽ ላይ ይገላበጣል።

ሌላም ማወቅ ያለብን ምልክት አለ። ለድሬ ሰው በተለይ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም እኛ ቀዝቃዛ ውሃ ከእጃችን አይለይም። ቀዝቃዛ ነገር ስትጠጡ ጥርሳችሁን ጠቅ አድርጎ በሰከንዶች ውስጥ ከተወው፣ ጉዳቱ ገና ጅምር ነው። በአብዛኛው አስሞልቶ ማዳን ይቻላል። ቀዝቃዛው ከሄደ በኋላም ሕመሙ ከቆየ፣ ነርቩ ታሟል ማለት ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ትኩስ ሻይ የሚያሳብዳችሁ፣ የበረዶ ውሃ አፋችሁ ውስጥ ስትይዙ ግን የሚያርፍላችሁ ከሆነ፣ ነርቩ ወደ መሞቱ ተቃርቧል። እኔ በዚያ በግንቦት ወር ማቀዝቀዣው አጠገብ ወንበር አስጠግቼ የበረዶ ውሃ ስይዝ ያደርኩት «መድኃኒቱን አገኘሁት» ብዬ ነበር። የማየው ምልክቱን እንደሆነ አላወቅኩም።

አሁን ወደ ቅርንፉዱ።

ከሁሉም የቤት ውስጥ ማስታገሻዎች ከቅርንፉድ በላይ የማምነው የለም። እምነቴም እማማ ስላሉኝ ብቻ አይደለም። ከቅርንፉድ ዘይት ውስጥ አብዛኛው፣ ከ70 በመቶ የሚበልጠው፣ ዩጂኖል የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ዩጂኖል ነርቭን ያደነዝዛል፤ ባክቴሪያንም ይዋጋል። ኩዌት ውስጥ ተሠርቶ በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ነበር። 73 በጎ ፈቃደኞች አፋቸው ውስጥ በመርፌ እየተወጉ፣ አንዱ ቦታ ላይ የቅርንፉድ ቅባት፣ ሌላው ላይ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ቤንዞኬይን የሚባል ማደንዘዣ ተቀባላቸው። ሁለቱም ምንም መድኃኒት ከሌለው ቅባት በተሻለ ሕመሙን ቀነሱት። በመካከላቸውም የጎላ ልዩነት አልታየም።

የጥርስ ሐኪሞችም ቅርንፉድን ያውቁታል። ዩጂኖልን ከዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት ጋር ለውሰው ለጊዜያዊ መሙያ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ጥርስ ክሊኒክ ስትገቡ በር ላይ የሚቀበላችሁ ሽታ አለ አይደል? ብዙውን ጊዜ የእሱ ሽታ ነው። የሻይ ቅመማችን ሽታ ማለት ነው።

ቅርንፉድ ደግሞ በእኛ አካባቢ የማይገኝበት ቤት የለም። የድሬም የሐረርም ሻይ ያለ እሱ ሻይ አይባልም። አያያዙ ቀላል ነው። አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ከታመመው ጥርስ አጠገብ ማድረግ፣ በምራቅ እስኪለሰልስ መጠበቅ፣ ከዚያ በስሱ ጫን ማለት። አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይዞ መትፋት። ማኘክ አያስፈልግም። የተሰበረ ጥርስ ላይ ጠንካራውን ፍሬ መንከስ ስብራቱን ያብሳል።

የተጣራው ዘይት ግን ሌላ ነገር ነው። በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጠውን ማለቴ ነው። እሱ በጣም የተከማቸ ስለሆነ ድድና ምላስ ያቃጥላል። አንድ ጠብታውን ከበርካታ ጠብታ የምግብ ዘይት ጋር ቀላቅሎ፣ በጥጥ ነክሮ፣ ጥርሱ ላይ ብቻ ማሳረፍ ይሻላል። ሕፃናት ካሉበት ቤት ደግሞ ጠርሙሱ መቆለፍ አለበት። ጥቂት ማንኪያ ያህል የዋጡ ሕፃናት ጉበታቸው ተጎድቶ፣ አንቀጥቅጧቸው፣ ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል የገቡበት ታሪክ በሕክምና መጽሔቶች ላይ ተመዝግቧል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ዘይቱን ባይነካው ይመረጣል።

ከቅርንፉድ ቀጥሎ የጨው ውሃ ነው። ለብ ያለ ውሃ በብርጭቆ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሠላሳ ሰከንድ መጉመጥመጥና መትፋት። ጨው ካበጠ ድድ ውስጥ ፈሳሽ ይስባል። በጥርስ መካከል የተቀረቀረ ምግብም ያወጣል። ጥርሴን አመመኝ ካሉ ሰዎች ውስጥ የአንዳንዱ ችግር ድዱ ሥር የገባ የሥጋ ክር ብቻ ነው። በክር ቀስ አድርጎ ማውጣትና በጨው ውሃ መጉመጥመጥ ያንን ይጨርሰዋል። ሌላው በረዶ ነው። በጨርቅ ተጠቅልሎ ከጉንጭ ውጪ አሥራ አምስት ደቂቃ። ትኩስ ነገር ጉንጭ ላይ ማድረግ ግን ይቅር። መግል የያዘ ከሆነ ሙቀቱ እብጠቱን ያባብሰዋል።

ቀፊራ ገበያ ዕጣን ከሚሸጡት ሴቶች ዘንድ ስትሄዱ ከርቤም ታገኛላችሁ። ከርቤ ከዚሁ ከምሥራቁ ቆላ የሚመጣ ሙጫ ነው፤ ሶማሌዎች መልመል ይሉታል። በውሃ በጥብጦ መጉመጥመጥ በአካባቢያችን የቆየ ልማድ ነው። በአውሮፓም የከርቤ መጉመጥመጫ ፋርማሲ ውስጥ ሲሸጥ የኖረ ነው። ለቆሰለ ድድ ይጠቅማል። ጥርስ ውስጥ ለገባ ሕመም ግን ብዙ አልጠብቅበትም። እርጉዝ ሴት ደግሞ ባትሞክረው ይሻላል። ማህፀንን ያነሳሳል ተብሎ የሚፈራ ነገር ነው።

መፋቂያችንንም እዚህ ላይ ላንሳው። ከቆላው ቁጥቋጦ የሚቆረጠውን፣ ዓረቦች ሲዋክ የሚሉትን እንጨት የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 እ.ኤ.አ. ልማዱ ባለባቸው አገሮች እንዲበረታታ መክሯል። በሚገባ የሚፍቅ ሰው ከብዙ የጥርስ ብሩሽ ተጠቃሚ የተሻለ ጥርስ ሊኖረው ይችላል። የተቦረቦረውን ግን አይሞላም። ሥራው መጠበቅ ነው።

ሕመም ያለበት ሰው የተሰጠውን ሁሉ ይሞክራል። አልፈርድበትም። እኔም ሞክሬያለሁ። ግን እዚህ ላይ በግልጽ መናገር ያለብኝ ነገር አለ።

የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት ባክቴሪያ ይገድላል፤ ይህ እውነት ነው። ድድ ላይ ለረጅም ሰዓት ሲቀመጥ ግን እንደ እሳት ያቃጥላል። ሌሊት ይዞት የተኛ ሰው ጠዋት ነጭ ሆኖ የተላጠ ድድ ይዞ ይነሳል። አስፕሪን ፈጭቶ ጥርስ ላይ ማድረግም እንዲሁ ነው። አስፕሪን ተውጦ በደም ሲዞር እንጂ ድድ ላይ ሆኖ ሕመም አያስታግስም። አሲድ ስለሆነ ሥጋውን ይበላዋል። አረቄ ለጥቂት ደቂቃ ያደነዝዛል፤ ከዚያ የተቆጣውን ሥጋ የበለጠ ያስቆጣዋል። ለልጅ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም።

የባትሪ ውሃና ቤንዚን የሚያደርጉ ሰዎች እንዳሉ ከአንድም ሁለት ሰው ሰምቻለሁ። «ነርቩን ይገድለዋል» ይላሉ። የባትሪ ውሃ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ነርቩን ብቻ መርጦ አይገድልም። የታመመውን ጥርስ፣ አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ጥርስና ድዱን አብሮ ያቀልጣል። እባካችሁ፣ ይህን የሚመክር ሰው ስታገኙ ዝም አትበሉ።

ስለ ጥርስ ትልም ልበል። የእምቧይ ዘር ፍም ላይ ተደርጎ ጢሱ አፍ ውስጥ ሲገባ ትሉ ይወጣል የሚባል ነገር አለ። «በዓይኔ አይቻለሁ» የሚሉ ብዙ ናቸው። እነሱ የሚዋሹ አይመስለኝም፤ የሆነ ነገር አይተዋል። በአውሮፓም ለዘመናት ተመሳሳይ ሕክምና ነበር። እዚያ የታየው ነገር ሲመረመር፣ ፍም ላይ የወደቀው ዘር በሙቀት ሲፈነዳ ከውስጡ የሚወጣ ነጭ የዘር ፅንስ ሆኖ ተገኘ። ትል ይመስላል፤ ትል ግን አይደለም። የዘመናዊ ጥርስ ሕክምና አባት የሚባለው ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር በ1728 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ የትሉን ነገር ውድቅ አድርጎታል። ጥርስ የሚበላው ትል አይደለም። ስኳርና ባክቴሪያ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚያስጨንቀኝ የሕፃናቱ ጉዳይ ነው። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው ድዱን በስለት ቀዶ ያልበቀለ ጥርስ የማውጣት ልማድ አሁንም በየቦታው አለ። የሚወጣው «መጥፎ ጥርስ» አይደለም። ገና የሚያድግ የጥርስ እንቡጥ ነው። ሕፃኑ ለደምና ለኢንፌክሽን ይጋለጣል፤ ቋሚ ጥርሱም ተበላሽቶ ሊበቅል ይችላል። የታመመ ሕፃን የሚወሰደው ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ስኳር ካነሳሁ፣ ስለ ከተማችን አኗኗር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ጫት ሲቃም አፍ ይደርቃል። ምራቅ ጥርሳችንን ከአሲድ የሚያጥብልን ነው፤ ሲቀንስ ጥርሱ ያለ ጠባቂ ይቀራል። በዚያ ላይ ከሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ እስኪመሽ ለስላሳ ይጠጣል፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ይጠጣል። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጣሳ ኮካ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው። ከሁሉም የሚጎዳው መጠኑ ብቻ አይደለም፤ ጊዜው ነው። አንድ ጊዜ በልቶ የጨረሰ ሰው አፉ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ አሲዱን ያረግባል። በየአሥር ደቂቃው የሚጎነጭ ሰው ግን አሲዱ ፋታ አይሰጠውም። ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ከምሳ በኋላ መብላት ሙሸበክ ይዞ በርጫ (የጫት መቃሚያ) ላይ ከመቀመጥ ይሻላል። ጫት የጥርስ ሕመም ያስረሳኛል የሚሉም አሉ። ምርቃናው እስካለ ድረስ ትኩረታቸውን ይወስድላቸው ይሆናል። ሌሊት ግን እንቅልፍ ከልክሎ ሕመሙን ይመልሰዋል።

ኪኒን እንዋጥ ካልን ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ለጥርስ ሕመም የታወቁ ናቸው። ፓራሲታሞል ለአዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ባለ 500 ሚሊግራም ኪኒን አይበልጥም። ጉበቱ የታመመና መጠጥ የሚያዘወትር ሰው ከዚያም ያነሰ ነው የሚወስደው። አይቡፕሮፌን ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም አስም ላለበት እና ለእርጉዝ አይሆንም። ድሬዳዋ ለሚኖር ሰው ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ከተማችን በ2013 እ.ኤ.አ. ከገባው ወረርሽኝ ወዲህ ዴንጊን፣ በትንኝ የሚተላለፈውን የትኩሳት በሽታ፣ ታውቀዋለች። ትኩሳትና የአጥንት ቁርጥማት ካለባችሁ፣ ጥርስም ቢያምማችሁ፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪን አትውሰዱ። ዴንጊ ከሆነ ደም መፍሰስን ያባብሳሉ። እስክትመረመሩ ፓራሲታሞል ይበቃል።

አሞክሳሲሊን ግን ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት እንጂ ማስታገሻ አይደለም። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ ገዝቶ ሦስት ፍሬ መዋጥ ልማድ ሆኗል። ነርቩ የተቆጣ ጥርስ በእሱ አይድንም። መድኃኒቱ ወደ ጥርሱ ውስጥ የሚገባው በደም ነው፤ ደም ወደ ሞተ ነርቭ አይሄድም። መግሉ በአፍ እንዲፈስ ወይም ጥርሱ እንዲታከም ያስፈልጋል። ሐኪም እብጠትና ትኩሳት አይቶ ሲያዝ ያኔ ሌላ ነገር ነው።

ጠዋትን መጠበቅ የሌለባችሁ ጊዜም አለ። ጉንጭ ወይም የአገጭ ሥር ካበጠ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ ትኩሳት ካለ፣ ዓይን አካባቢ ካበጠ፣ ቅርንፉዱን ትታችሁ በዚያው ሌሊት ባጃጅ ጥሩ። ድሬ ከሆናችሁ ድል ጮራ፣ ሐረር ከሆናችሁ ሕይወት ፋና ድንገተኛ ክፍል። ከታች መንጋጋ የተነሳ መግል ወደ አንገት ወርዶ የመተንፈሻ ቧንቧን ሊዘጋ ይችላል። ይህ ሰው ይገድላል። የታችኛው መንጋጋ ሕመም ከደረት መጨነቅና ከላብ ጋር ከመጣ ደግሞ የልብ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የሚዘገየው ገንዘቡን ፈርቶ ነው። ይገባኛል። ግን ስሌቱን እንየው። መጀመሪያ ጠቅ ሲያደርግ ማስሞላት ከሁሉም ርካሹ ሕክምና ነው። ነርቩ ከታመመ የሥር ሕክምና (የጥርሱን ውስጥ አጽድቶ መሙላት) ይመጣል፤ ብዙ ምልልስ፣ ብዙ ብር። «እንግዲያው ነቅሎ መገላገል ነው» የሚሉ አሉ። የተነቀለው ቦታ ግን ባዶ አይቀርም። አጠገቡ ያሉት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ ከላይ ያለው ይወርዳል፤ በዚያ ወገን ማኘክ ይቀራል። የእኔ መንጋጋ ተነቅሏል። ሥጋ አሁን የማኝከው በግራ ብቻ ነው።

ክሊኒክ ስትሄዱ ምን እንዳደረጋችሁበት ሳታፍሩ ተናገሩ። ነጭ ሽንኩርት ያቃጠለው ድድ ከሌላ በሽታ ጋር ሊመሳሰል ይችላል። የወሰዳችሁትን ኪኒን ስም ያዙ። ሕመሙ በቀዝቃዛ ነው በትኩስ የሚነሳው፣ ስንት ሰከንድ ይቆያል፣ ሌሊት ያስነሳል ወይስ አያስነሳም፤ ይህን የነገራችሁት ሐኪም ራጅ ከማየቱ በፊት ግማሹን ያውቃል።

በዚህ ጥቅምት የላይኛው ግራ መንጋጋዬ ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ ጠቅ አደረገኝ። ቆጠርኩ። በአራት ሰከንድ ተወኝ። በማግስቱ ሄጄ አስሞላሁት። ቅርንፉዱ ከሻይ ቅመሙ ዕቃ አልወጣም።